የጀርባ ሐኪም ፍለጋ

«ልደታ ውስጥ የማላውቀው ሰው ካለ ገና አልተወለደም ማለት ነው» አለች ኮከቤ ነጠላ ጫማዋን እያጠለቀች። «የጀርባ ሐኪሙን ከምሳ በፊት እጁን ይዤ አመጣዋለሁ።»

እናቷ ወይንሀረግ ቀና ብላም አላየቻት። ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ አንሶላ ታሻለች፤ አንሶላው ከጠራ ቆይቷል፣ እሷ ግን ታሻለች። አባቷ ዘነበ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ በደረቱ ተኝቶ፣ ጉንጩን ትራሱ ላይ ለጥፎ፣ ልጁን በአንድ ዓይኑ ያያታል። ከትናንት በስቲያ የጎረቤታቸውን የእንዳለችን ኩሽና ቆርቆሮ ሲመታ ነው የወደቀው። በመጀመሪያው ቀን «እግሬን ጉንዳን ወረረኝ» ሲል ዋለ። ዛሬ ጉንዳኑም ሄዷል። ግራ እግሩ ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል ከፍራሹ ጫፍ ተጋድሟል።

ትናንት ማታ የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ ጀርባውን በጣቱ ዳበሰና ፊቱ ተለወጠ። «ማንም እንዳይጎትተው። ከተጎተተ ዳግመኛ ላይቆም ይችላል። አከርካሪ የሚቀድ የአጥንት ሐኪም ፈልጉ» አለ። የት እንፈልግ ሲሉት ትከሻውን ሰብቆ ቦርሳውን ዘጋ።

«ወጌሻው ዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ» አለች ወይንሀረግ ሳትዞር። «እስከዚያ ካመጣሽ አመጣሽ። ካላመጣሽ እግሩ ሲሞት እጄን አጣጥፌ አላይም።»

ኮከቤ ከግቢው የወጣችው እየሮጠች ነው። ሐኪም ፍለጋ መርፌ ፍለጋ አይደለም፤ ሐኪም ነጭ ይለብሳል፣ ይታያል። እንዲህ እያሰበች ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ገባች። ሳጥን ቀጥቃጩን ጠየቀች፣ ጎማ ለጣፊውን ጠየቀች፣ ቆሎ ሻጯን ጠየቀች። ሁሉም ያው ነው መልሳቸው።

«የጀርባ ሐኪም? ጋሼ ገብረጊዮርጊስ አሉ አይደል እንዴ! ይኸው» አለ ሳጥን ቀጥቃጩ መዶሻውን አስቀምጦ እጅጌውን እየጠቀለለ። «ለሁለት ተሰብሮ ነበር። ማነው ያቆመው? እሳቸው።» ክንዱ ቀጥ ያለ ነበር። ነገሩን ያከበደውም ይሄው ነው፤ የሰፈሩ ግማሽ ክንድና ቁርጭምጭሚት ለወጌሻው ይመሰክራል። ለሐኪሙ የሚመሰክር አንድ ጣት እንኳ አልተገኘም።

ተክለ ሃይማኖት ባለው መድኃኒት ቤት ባለመነጽሩ ሰውዬ ሳቀባት። «ጥርስ የሚነቅል አውቃለሁ። አባትሽን ጥርሱን አያመውም?»

«ምላስ የሚነቅል ሲያውቁ ይንገሩኝ፤ እርስዎን ይዤ እመጣለሁ» አለችውና ወጣች። ሌላ ቀን ቢሆን ይህችን መልስ ሦስት ሰፈር ዞራ ታወራት ነበር። ዛሬ ግን አልጣፈጠቻትም። ጥላዋ ከእግሯ ሥር ገብቷል፤ ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ አመጣዋለሁ ብላ የፎከረችበት ሰዓት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሰው እንደ ዳቦ ወረፋ ተሰልፏል። ዘበኛው የአጥንት ክፍል ቀጠሮ ከክረምት በኋላ ነው አላት። ለመነችው። ተቆጣችው። አባቷ የቀበሌው ሊቀመንበር ዘመድ ነው ብላ ዋሸችው። ዘበኛው አዛጋ። በመጨረሻ ግንቡ ሥር ቁጭ ብላ ጉልበቷን አቀፈች፤ ኮከቤ ሰው ፊት አታለቅስም፣ ስለዚህ ጉልበቷን አየች።

«ከየት ነው የመጣሽው?» አለቻት ባልዲ የያዘች ሴት። ሻሿን ወደ ኋላ አስራለች፤ ሽርጧ ላይ «ዙሃራ» የሚል ተጠልፏል።

«ከልደታ። አከርካሪ የሚቀድ ሐኪም ፍለጋ።»

ዙሃራ ወደ ዘበኛው አየች። ከዚያ መሬቱን የምትጠርግ መስላ ጎንበስ አለች። «ከልደታ ተነስተሽ እዚህ ትፈልጊያለሽ? ሰውየው እናንተው ሰፈር ነው ያለው። ዶክተር ሀብተ ማርያም። የቀዶ ጥገናውን ወለል የማጥበው እኔ ነበርኩ። ተሸክመው ያስገቧቸው በእግራቸው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። በኋላ ወሰዱት። ተፈታ ሲሉ ሰማሁ፤ ወደ ሥራው ግን አልመለሱትም። ረጅም ነው፣ ያነክሳል።» ቀና አለችና ባልዲዋን አነሳች። «ድሮ አያነክስም ነበር።»

ኮከቤ ታውቀዋለች። ከቤታቸው ሦስተኛው አጥር፣ ከትልቁ ቤት በስተጀርባ፣ ሰርቪሷ ውስጥ ብቻውን የሚኖረው ሰው ነው። ከእስር የተፈታን ሰው ሰላም ያለ «ምን አወራችሁ?» ተብሎ ቀበሌ ይጠራል፤ ስለዚህ እሱ ሲመጣ ሰው መንገድ ይሻገራል። ኮከቤም ትሻገራለች። «ጥላው» የሚለውን ስም ያወጣችለትም እሷው ናት፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በዚያ ስም ይጠራው ጀመር፣ እሷም ኮርታ ነበር።

እንዴት እንደተመለሰች አታውቀውም። ስትደርስ ሰውየው ደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሸሚዝ ኮሌታ ያጥባል። ጣቶቹ ረጃጅሞች ነበሩ፤ ኮሌታውን እንደሚያመው ነገር ቀስ አድርገው ነው የሚይዙት።

«ዶክተር» አለች እያለከለከች።

ቀና ብሎ አያት። «ዛሬ ጥላው ቀረ?»

ኮከቤ መልስ አጥታ አታውቅም፤ አሁን ግን የመጣላት የአባቷ ነገር ብቻ ነው። ወድቆ፣ እግሩ ደንዝዞ፣ ድሬሰሩ፣ ወጌሻው፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ሁሉንም ደራርባ ነገረችው። እስክትጨርስ ሰማትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ሽንቱን ይቋጥራል?»

«አላውቅም» አለች አፍራ። ከዚያ ሳፋው ትዝ አላት። «እማዬ ጠዋት አንሶላ ስታጥብ ነበር።»

ሰውየው ተነሳ። እርጥቡን ሸሚዝ ሳይጨምቅ ለበሰው። ፀሐይዋን አየና፣ ለእሷ ሳይሆን ለራሱ፣ «አሥር ሰዓት ላይ ቀበሌ እፈርማለሁ፤ ከቀረሁ መልሰው ያስሩኛል» አለ። ፊቱን ወደ ቀበሌው ሳይሆን ወደ እነ ኮከቤ ቤት አዞረ። ሲያነክስ እንኳ ልትደርስበት መሮጥ ነበረባት።

ሲገቡ ጋሼ ገብረጊዮርጊስ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ቅቤ ቀብተው፣ ዘነበ ጎን ተንበርክከው ነበር። ወይንሀረግ የባሏን ብብት ይዛለች። ወደ በሩ ስታይ እጇ ተፈታ። ማነው ብላ አልጠየቀችም።

«ጋሼ፣ አይጎትቱት» አለ ሐኪሙ።

«አጥንት ነው» አሉ ወጌሻው። «አጥንት ደግሞ የእኔ ነው።»

«እጅና እግሩ የእርስዎ ይሁን። ይሄኛው ውስጡ ሌላ ነገር አለ። ከነኩት እጅዎ ላይ ይቀራል።»

ሽማግሌው ሐኪሙን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ዞር አሉ።

ሐኪሙ በጉልበቱ ወርዶ የዘነበን ጀርባ ከአንገቱ ጀምሮ አንድ በአንድ በጣቱ እየዳበሰ ወረደ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። ዘነበ ጥርሱን ነከሰ።

«የእግርህን ጣት አንቀሳቅስ።»

ዘነበ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ። «ዶክተር... ያን ቀን ስብሰባው ላይ፣ በእርስዎ ሲወሰን፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ።»

«እጅህን አልጠየቅሁህም። የእግርህን ጣት ነው ያልኩህ።»

የግራ እግሩ አውራ ጣት፣ ልትሞት ስትል የነቃች ይመስል፣ ጥቂት ነቅነቅ አለች። ሐኪሙ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ዛሬ ካልተቀደደ ነገ ይቺም አትኖርም» አለ። «እኔ ቢላ የለኝም። ቢላው ያለበት ሆስፒታል አብሮኝ የተማረ ሰው አለ፤ ፊት ለፊት ከቆምኩበት እምቢ አይለኝም። ታክሲ አይሆንም፣ መታጠፍ የለበትም። በሩን ንቀሉት።»

ማጠፊያውን የነቀሉት ወጌሻው ናቸው። ዘነበን ሳያጣምሙ ወደ በሩ ጣውላ ሲያሸጋግሩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ። ከዚያ አንዱን ጥግ ወጌሻው፣ አንዱን ወይንሀረግ፣ አንዱን ኩሽናዋን እየረገመች የደረሰችው ጎረቤታቸው እንዳለች፣ አንዱን ኮከቤ ያዙ። ሐኪሙ ጎን ለጎን እያነከሰ፣ መዳፉን ከበሽተኛው ጀርባ ሳያነሳ ሄደ።

ሰው ከየበሩ ወጣ። ማንም መንገድ አልተሻገረም፤ ማንም ሰላምም አላለም። ቆመው አዩ። ከተፈታ ወዲህ በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ሰው በሰፈሩ መሐል ሌላ ሰው ነክቶ ሲሄድ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

የቀበሌው በር ላይ ሲደርሱ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሐኪሙን አየ። ሐኪሙ ወደ በሩ አልታጠፈም። ወይንሀረግ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አይወጣትም።

ኮከቤ ይህን ዝምታ መቻል አቃታት። እጇ ዝሏል፣ ይህን ያህል ሰው ቆሞ እያየ ዝም ማለት ደግሞ ከፍጥረቷ አይደለም።

«አይታችኋል?» አለች ጮክ ብላ ለቆሙት ሁሉ። «ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሄጄ፣ ሆስፒታል ድረስ ሄጄ፣ ሰው ሁሉ የለም ሲለኝ ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ዓይኑን ከዘነበ ጀርባ አላነሳም።

«የጠፋ ሰው አልነበረም» አለ። «ጥግሽን ከፍ አድርጊ።»