ከለቅሶው ድንኳን ሥር

አሥራት የሞተው ክረምቱ ጨርሶ ሳይወጣ ነበር። ሱሉልታ በዚያ ሰሞን ለቅሶ ደራሹ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የሚገባው። የእሱና የሚስቱ የማሪቱ ቤት ደግሞ ጨፌው ጫፍ ላይ ስለሆነ ጓሮው ሁሉ ቄጠማና ውሃ ነው። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው መጥተው የሚተክሉበት ደረቅ መሬት አጡ።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ነገሳ ወደ ማሪቱ ጠጋ ብለው፣ ሲኖትራክ ያለው አንድ ጎረቤት ገረጋንቲ አምጥቶ ሊያራግፍ ፈቃደኛ መሆኑን ነገሯት። ጓሮው ይደፈን ወይ ነው ጥያቄያቸው። የባሏ ወንድሞች ከሰንዳፋ እየመጡ ነው። እንግዳ ጭቃ ላይ ተቀመጠ ቢባል፣ ሰው ምን ይላል?

«ይደፈን» አለች። ሬሳው ገና ከቤት አልወጣም ነበር።

የአሥራት አደራ ትዝ ያላት በሣልስቱ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲዞር ዓይኗ ከገረጋንቲው ጠርዝ ብቅ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ አረፈ።

አሥራት የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። ሲመሻሽ ጠርሙስ ከወገቡ ቆርጦ፣ አፉን ከመሬት ጋር አስተካክሎ ቄጠማው መሀል ይቀብራል። ጠዋት የወደቀችውን ጥንዚዛ በመዳፉ ይዞ ሲያይ ይቆይና መልሶ ይለቃታል። ሰፈሩ «ባለ ጥንዚዛው» እያለ ሲስቅበት አብሮ ይስቃል። «ሌላው ጥንዚዛ ይበራል፤ ይቺ ግን መብረሪያ ክንፍ የላትም። ጨፌው ቢጠፋባት በእግሯ የት ትደርሳለች?» ይል ነበር። ማሪቱን መጥታ እንድታያት ሲጠራት «እመጣለሁ» ትለዋለች። አንድም ቀን አልሄደችም።

ታሞ ከተኛ በኋላ እጇን ይዞ፣ «ጓሮውን እንዳታስደፍኚው፣ ማሬ» አላት።

«ማን ይደፍነዋል ብለህ ነው?» አለችው፣ እንደ ቀልድ።

አሁን እዚያው ላይ ተቀምጣ ለቅሶ ትቀበላለች። ስታነባ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው፣ ባሏን እንዴት ትወደው ኖሯል ይባባላሉ። ያንን ስትሰማ ይብስባታል።

አርባው ሲቃረብ ኦቦ ነገሳ መጥተው፣ ለተዝካሩ ድንኳኑ እዚያው እንዲተከል፣ የሰረገውም ቦታ ገረጋንቲ እንዲጨመርበት ሐሳብ አቀረቡ። ማሪቱ ግን ድንኳኑ መንገዱ ላይ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ይሁን አለች። ሽማግሌው ግራ ገባቸው።

«ማሎ፣ ልጄ፣ ይህን የመሰለ ደረቅ ጓሮ እያለ መንገድ እንዝጋ?»

«አደራውን በልቼ ነው፣ ኦቦ። እንዳታስደፍኚ ብሎኝ ነበር።»

ኦቦ ነገሳ ጓሮውን ዞረው አዩት። በማግስቱ አካፋ ይዘው መጡ። አጥሩ ጥግ ያለውን ገረጋንቲ አብረው ዛቁት። ከሥሩ ቄጠማው ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ሲውል ሲያድር ቦታው ውሃ አዘለ። ማሪቱም ባሏ ያደርግ እንደነበረው ጠርሙሱን ቀበረች።

«የጥንዚዛዋ መልክ እንዴት ነው? ካየሁ እንዳውቃት» አሉ ኦቦ ነገሳ።

«እኔም አላየኋትም፣ ኦቦ» አለች ማሪቱ።

የተዝካሩ ዕለት ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ አገኘች። እሷ ትሁን ሌላ፣ በምን ታውቃለች? ያላት የአሥራት ቃል ብቻ ነው፦ «መብረሪያ ክንፍ የላትም»። አወጣቻትና መዳፏን ዘርግታ አጥሩ ጥግ ቁጢጥ አለች። ከመንገዱ ድንኳን ቄሱ መጥተዋል እያሉ ይጠሯታል። አልተነሳችም። ጥንዚዛዋ እስከ ጣቷ ጫፍ ሄደች፤ እዚያም ቆመች።

የጥንዚዛዋ ጀርባ ለሁለት ተከፈለ፤ ከሥሩ ስስ ክንፍ ወጣ፤ በአጥሩ ላይ በርራ ሄደች።

ማሪቱ ጠርሙሱን መልሳ ቀበረችው፤ አፉን ከመሬት ጋር አስተካከለች። ከዚያ የእጇን ጭቃ በነጠላዋ ጠርዝ ጠርጋ ወደሚጠሯት ሰዎች ሄደች።