ቅቤ የተቀባው ፕሮሰሰር

የኮምፒውተሩ ሆድ ሲከፈት ቀድሞ የወጣው ሽታው ነበር፤ ሙቀት ያቀለጠው፣ የከረመ ቅቤ ሽታ። ለተማርያም ፊቷን አዞረች። ከሰመራ እስከ አዋሽ በአውቶቡስ ተንገላታ የመጣችው ይህን ለመጠገን ነበር። የአዋሽ ጤና ጣቢያ የቲቢ መመርመሪያ ያለዚህ ኮምፒውተር አይሠራም፤ ሥራ ካቆመም ሳምንት አልፎታል። ከገዋኔ የመጣች ሰዓዳ የምትባል ታማሚ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ትስላለች። ሦስት ወር ሙሉ ስትስል ኖራለች። ያመጣት የጭነት መኪና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ አክታዋ እስከዚያ ካልተመረመረ ያለ መድኃኒት መመለሷ ነው።

ለተማርያም ማቀዝቀዣውን ፈትታ ፕሮሰሰሩን አነሣች። ከሥሩ ያለው ሶኬት ቢጫ ቅባት አቁሯል። ከፀጉር በቀጠኑት ፒኖች መካከል ጉንዳኖች ሰምጠው ደርቀዋል፤ የበረሮ እግርም አለበት።

«ይህን የቀባው ማን ነው?»

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ባንተይርጋ በሩን ተደግፈው ጥርሳቸውን ይፍቁ ነበር። «እኔ ነኛ!» አሉ፣ እንደሚመሰገን ሰው። «ጋለ፣ ጋለና ድርግም አለ። የሰው አናት ሲግል ምን ይደረጋል? ቅቤ! የኮምፒውተር አናቱ ደግሞ ይህ ነው አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ቀብቼ ስመልሰው አልገባም ሲለኝ በአውራ ጣቴ ተጫንኩታ። አንቺ በጥገና ውድድር የዋንጫ ተሸላሚ አይደለሽ እንዴ? አቅኚዋ!»

ለተማርያም ፒኖቹን በማጉያ መነጽር ቆጠረች፤ አሥራ አንዱ ተጣምመዋል። ሶኬቱን በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ስታጥብ ብሩሹ በየጊዜው የጉንዳን ጭንቅላት ይዞ ይወጣል። ከዚያም መርፌ አንሥታ ፒኖቹን አንድ በአንድ ታቀና ጀመር። ትንፋሿን የያዘችው ሽታው እንዳያስመልሳት ነበር። አንዱ ፒን ቢሰበር የሚተካ ሶኬት ሰመራም ቢሆን የለም።

«አብሽሪ፣ እኅቴ» አለች ሰዓዳ ከኮሪደሩ፣ በሳል መካከል። «አላህ እጅሽን ያቅናልሽ።»

ሰባት ሰዓት ላይ አሥራ አንደኛው ፒን ቀና። የቀረው በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ብቻ ነበር። የራሷ ስላለቀባት ለተማርያም ይገኝ እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ንብረት ክፍሉ ገባች። ከባንተይርጋ ራስ በላይ፣ በመደርደሪያው ላይ፣ አቧራ የጠጣ፣ ያልተከፈተ የፔስት ቱቦ ተቀምጧል።

«ጋሽ ባንተይርጋ፣ ይህ ነበረዎት?»

«ነበረኝ እንጂ! አምና ነው የገባው።»

«ታዲያ ቅቤ ለምን?»

«እሱ እንዲወጣ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሰውየው ደግሞ ስብሰባ ሄዷል።» ግራ የተጋቡ መሰሉ። «ቅቤው ግን የራሴ ነው፤ ከቤት ያመጣሁት። ፊርማ አይጠይቅም።»

ለተማርያም አሁን በእውነት ተጸየፈች። ጉንዳኑም፣ የበረሮው እግርም፣ ሽታውም ከዚህ መልስ ይሻሉ ነበር። እጇን ዘርግታ ቱቦውን አነሣች።

«ኧረ ተይ! ያለ ፊርማ አይወጣም!»

«ወጥቷል፤ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።»

ኮምፒውተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ነቃ። የሰዓዳ አክታ ወደ ማሽኑ ገባ፤ አሥር ሰዓት ላይ ውጤቱ ወጣ፦ ቲቢ ነው።

ሰዓዳ የመድኃኒቱን ካርቶን ደረቷ ላይ አቀፈች። «አልሐምዱሊላህ። በሽታዬ ስም አገኘ» ብላ ወደ መኪናው ሄደች።

ለተማርያም እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች። ዕቃዋን ስትሸክፍ ባንተይርጋ ቅጽ ይዘው መጡ። «ያለ ፈቃድ ንብረት ስለማውጣት» ይላል ርእሱ። ሳታነብ ፈረመችበት፤ ክንዷን ስታነሣ ያ ቅቤ የነካው የጋዋኗ እጅጌ በወረቀቱ ላይ ሰፊ ቢጫ ክብ ትቶ ተነሣ።

ባንተይርጋ ቅጹን በሁለት ጣታቸው ጫፍ አንጠለጠሉት።

«ኤዲያ!» አሉ አፍንጫቸውን ይዘው። «ምንድን ነው እንዲህ የሚከረፋው?»