የጋሽ በሽር አሸዋ

ጠበል ይገድላል ብሎ የሚያምን ክርስቲያን በተክለ ሃይማኖት ሰፈር አልተፈጠረም። ፋናዬም ብትሆን አታምንም ነበር። ግን በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ፣ አደራ የተቀበለቻቸውን አስራ አንድ ቁልቋሎች በሰባት ቀን ጠበል ጨረሰቻቸው።

ቁልቋል ስላችሁ በየአጥሩ የሚገተረው እንዳይመስላችሁ። ይሄ የፈረንጅ ነው፤ ክብ፣ ነጭ ጠጉር የለበሰ፣ ትልቁ ከሽንብራ የማይበልጥ። የዘሯቸው የግድግዳ ጎረቤቷ ጋሽ በሽር ናቸው። ጋሽ በሽር ሶማሌ ተራ አጠገብ በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ላሜራ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ጣሊያኑ ሙሴ ጋራዡን ዘግቶ አገሩ ሲገባ መዶሻውንና መፍቻውን ሰጣቸው፤ በዚያ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ዘር ጨመረላቸው። ዘሩ ከጥቁር ጤፍ አይተልቅም።

ጋሽ በሽር የወንዝ አሸዋ በብረት ምጣድ ቆሉ፣ ከደቀቀ ከሰል ጋር ቀላቀሉ፣ በሦስት የሰርዲን ቆርቆሮ ሞልተው ዘሩን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ አኖሩት። በላዩ የመኪና መስታወት ስባሪ ከደኑበት። ውሃ ከላይ አያፈሱም፤ የቆርቆሮውን ቂጥ በምስማር በስተው በሳህን ውሃ ላይ ያስቀምጡትና ጠጥቶ ሲበቃው ያነሱታል። ያውም በአስራ አምስት ቀን አንዴ። ሰፈሩ ሳቀባቸው። እሾህ ሞልቶ በተረፈ አገር እሾህ የሚዘራ ሰው አይተን አናውቅም ተባለ። እሳቸው ግን በሰባተኛ ዓመቱ ቀይ አበባ ያወጣል ብለው ቁጭ አሉ። ሰባት ዓመት የት ተገኝቶ! ጥር ላይ ታመው በሳምንታቸው ሞቱ።

ባለቤታቸው እትዬ ጠሂራ ከፋሲካ በኋላ እኅታቸው ታማባቸው ወደ ስልጢ ሲሄዱ፣ ሦስቱን ቆርቆሮ ለፋናዬ አስረከቡ። ሌላ ዕቃ አልሰጧትም፤ ቤታቸውን ቆልፈው ቁልፉን በጉያቸው ይዘው ነው የሄዱት። «በሽር የተወልኝ ይሄን ነው፤ አደራ» አሏት። ፋናዬ በልጆቿ ማለች። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? እሷም እንደ ዓይኗ ብሌን ልትጠብቅ ቆርጣ ነበር። ጥፋቷ አያያዙን አለማወቋ ነው።

ብርድ እንዳይመታቸው ብላ ከመስኮቱ አንስታ የግቢው አጥር ላይ ፀሐይ አሞቀቻቸው። በሦስተኛው ቀን አረንጓዴዎቹ ቀይ ሆኑ። አሁን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ወደ ጥላ መልሻቸው ይላት ነበር፤ የሚያውቁት ሰውዬ ግን አፈር ከለበሱ አራት ወር ሆኗቸዋል። ፋናዬ የምታውቀው መድኃኒት አንድ ነው። እሷን በልጅነቷ ከፈንጣጣ ያስነሳት ጠበል ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ከሳል ያዳነው ጠበል ነው። የእትዬ ጠሂራ ንብረት ላይ ልርጭ ወይስ አልርጭ ብላ አንድ ቀን አመነታች። የፈጣሪ ውሃ ሰው አይመርጥም ብላ ከተክለ ሃይማኖት በአረቄ ጠርሙስ እየቀዳች ጠዋት ጠዋት ከላይ አጠመቀቻቸው። ሱባዔው ሲሞላ ጎንበስ ብላ ብታያቸው፣ አስራ አንዱም እንደ ተቀቀለ ባቄላ ፈርጠው አሸዋው ላይ ተኝተዋል።

መቼም የሞተውን አታስነሳ፤ ግን ምን ብላ ትናገር? ጠበል ገደላቸው ብትል ከታቦቱ ጋር ልትጣላ ነው። አንቺ ማን ሆነሽ ነው በኛ ዕቃ ላይ ጠበል የምትረጪ ቢሏትስ? አይጥ በላቸው ልበል አለች፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ መሆኑ ገባትና ተወችው። ጎጃም በረንዳ የማር በርሜል ሲያወርድ የሚውለው ባሏ አስናቀው፣ ሲመጡ ንገሪያቸውና ይውጣልሽ ብሎ መክሯት ነበር። ለወንድ ሁሉ ነገር ቀላል ነው ብላ ተቆጣችው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ፋናዬ ምንም ምልክት እንዳይቀር ሦስቱንም ቆርቆሮ ከነአሸዋው ወስዳ ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ዘረገፈች። ቆርቆሮዎቹን በአመድ ፈትጋ አጠበች። አዲስ አሸዋ ሞላች። ከአጥሩ ቁልቋል አውራ ጣት የሚያካክል ጫፍ ጫፉን ቆርጣ አስራ አንድ ተከለች። አድገው ነው ይባላል አለች ለራሷ። ማንንም የሚያታልል ሥራ እንዳልሆነ እያወቀች ነው ያለችው።

እትዬ ጠሂራ የሰኔ ዝናብ ሲጀምር እኅታቸውን አድነው ተመለሱ። ለፋናዬ ብለው ቆጮና አንድ ቅል ማር ይዘው ነበር። ቆርቆሮዎቹን ተቀብለው አንዱን ቁልቋል በጥፍራቸው ጫር አደረጉ፣ ቀና ብለው አዩዋት፣ «አላህ ይስጥሽ፣ ደክመሽባቸዋል» ብለው ገቡ። ነገሩ በዚህ አለቀ። አልቆ ቢሆን ግን ደግ ነበር። ፋናዬ ማሩን ቀምሳ ቅሉን መልሳ ከደነችው። የእትዬ ጠሂራን ድምፅ ስትሰማ ወደ ጓዳ ትገባለች። ለንስሐ አባቷ ጾም መሻሯን፣ ሰው ማማቷን፣ በምትሸጠው ጥጥ ሚዛን ማጭበርበሯን ሳይቀር ተናግራ ይህቺን ብቻ ዘለለቻት። እትዬ ጠሂራ ደግሞ፣ ድሮ የሚወዱት ወሬ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ቁልቋሎቹ አንድም ቀን አያነሱም። ይሄ ዝምታቸው ይበልጥ በላት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ጣራውን እየቀጠቀጠ ሳለ፣ ፋናዬ ነጠላዋን ተከናንባ እሳቸው ቤት ገባች። ሳትቀመጥ ጀመረች። ፀሐዩን፣ ጠበሉን፣ የአጥሩን ቁልቋል፣ ሁሉንም እያለቀሰች ዘረገፈችው። እትዬ ጠሂራ እስክትጨርስ ጠበቋት።

«በመጣሁ ዕለት አውቄዋለሁ» አሏት። «ስጭረው ወተት አወጣ። የበሽር ወተት የለውም።»

«ታዲያ እንዴት አልተቆጡኝም?»

«እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነዋ። ጎረቤቴን እንደ መርማሪ ልጠይቃት ኖሯል?» እጇን ይዘው አስቀመጧት። «ለመልካም ብለሽ ነው ልጄ። እኔም በሽርን የመካውን ውሃ፣ ዘምዘም፣ አጠጥቼው ነበር። ጊዜው ከደረሰ ማን ይመልሰዋል።»

ፋናዬ ከግንቦት ወዲህ እንደዚያ ተንፍሳ አታውቅም። አስናቀው እውነቱን ነበር፤ ይህን ያህል ቀላል ኖሯል። ዓይኗን ጠርጋ ልትነሳ ስትል እትዬ ጠሂራ ትንሽ ፈገግ አሉ፤ እንደ ማፈርም አደረጋቸው።

«በይ አሁን አሸዋውን አምጪልኝ።»

«የቱን አሸዋ?»

«የበሽርን ነዋ፣ ከሰል ያለበትን። አርባ ፍሬ ነበር የዘራው፤ የበቀለው አስራ አንድ ነው። የቀረው ሰነፍ ነው፣ ሁለተኛውን ክረምት ይጠብቃል ብሎኛል። ሐምሌ እስኪገባ ስቆጥር ነው የከረምኩት። በምን አስቀመጥሽው?»

ፋናዬ ቦዩ ውስጥ እንደደፋችው ተናገረች። እትዬ ጠሂራ ቀስ ብለው እጃቸውን ከእጇ ላይ አነሱና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። «ሂጂ፣ ዝናቡ ሳይብስብሽ ግቢ» አሏት።

ፋናዬ ግን ቤቷ አልገባችም። ጠበሉ የጨረሰው አስራ አንዱን ነው፤ ሃያ ዘጠኙን የጨረሰችው እሷው ናት፣ ያውም ጥፋቷን ስትደብቅ። ከጓዳዋ ወንፊት አንስታ ወጣች። ቦዩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ከላይ ያለውን ገበያ ጉድፍ ሁሉ ጠራርጎ ይወርዳል። እግሯን ከትታ ጎንበስ አለችና አሸዋውን ታፍስ ጀመር፤ ወንፊቱን ባነሳች ቁጥር የሚቀረው ጠጠርና የጠርሙስ ስባሪ ነው።