የቅዱስ ሚካኤል ቆርቆሮ

«ይሳቡት! ገመዱን ወደ ውስጥ ይሳቡት፣ አባ!»

ዋኘው መቅደሱ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጮኸው። እሱ መግባት ስለማይፈቀድለት ከውስጥ የሚለኩለት ቄስ የሽዋስ ነበሩ።

ዋኘው ፈረንሳይ አገር የሕንፃ ንድፍ ተምሮ ተመልሷል። ደብረ ማርቆስ ላይ ለጣሊያኖቹ ይነድፋል፤ ጠዋት ጠዋት አናጢዎችን ያስተምራል፤ በዕረፍቱ ቀን ክብ ቤተ ክርስቲያኖችን እየዞረ ያጠናል። አንዱ ሥራ ላይ ብዙ ከቆየ «ለማን ነው የምለፋው?» የሚል ሐሳብ ይመጣበትና ወደ ሌላው ይሸሻል።

ቄሱ አቧራቸውን እያራገፉ ከዋኘው ጋር ወደ ደጅ ወጡ። «ይኸው ለካሁልህ። ቆርቆሮው መቼ ይመጣል?»

«የኔ ወረቀት ለጣሊያኑ ሻለቃ እንደደረሰ።»

«እሰይ! አምና እኮ ጣሪያው መንበሩ ድረስ አፈሰሰብን።»

ደጀ ሰላሙ ሥር የተቀመጡት መነኩሲት፣ እማሆይ አመተ ሥላሴ፣ ሳቁ። «ጣሊያን ለሚካኤል ማሰብ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እርስዎ ደግሞ! ሲሰጡን ምን አለበት?»

«ይቆዩ አባ፣ ልጁን ልጠይቀው። አንተ ልጅ፣ ለምንድን ነው?»

ዋኘው ገመዱን ጠቀለለ፤ ፈታው፤ እንደገና ጠቀለለ።

«ጥይት ሊያከማቹበት ነው» አለ። «ግድግዳው ወፍራም ነው። የሣር ክዳኑን ግን እሳት ይይዘዋል ብለው ይፈራሉ።»

ቄሱ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ታቦቱስ?»

«ውሰዱ ይሏችኋል።»

«ይህን እያወቅህ ነው ስታስለካኝ የዋልኸው?»

«እኔ ብቀር ሌላ ሰው ይልካሉ ብዬ ነው።»

እውነቱ ሌላ ነበር። ለጥናቱ የጎደለው የዚህ መቅደስ ልክ ነበር፤ ፈልጎታል።

ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ወራጁ የወይራ እንጨት ነው፤ እንከን የለበትም። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በጣሊያንኛ ጻፈ።

«ምን አልህ?» አሉ ቄሱ።

«እንጨቱን ምስጥ በልቶታል፣ ምስማር አይዝም፣ ግድግዳውም ሊናድ ነው፤ ለጥይት አይሆንም ብዬ።»

«ኧረ ወይራ ነው! ምስጥ መች ነክቶት ያውቃል?»

«ከጠየቋችሁ ነክቶታል በሉ።»

«መጥተው ቢያዩስ?» አሉ እማሆይ።

«ያን ጊዜ የሚይዙት እኔን ነው።»

ቄሱ ወደ ሰማይ አዩ። ክረምቱ ደርሷል፤ ለክዳን የሚሆነው ሰንበሌጥ የሚታጨደው ደግሞ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው።

«እንግዲያ ዘንድሮም ሊያፈስብን ነው።»

«ያፈስባችኋል» አለ ዋኘው፤ ከጽሑፉም ሥር ስሙን ፈረመ።