ለአክስቴ ወገብ የተመረጠ ውሸታም

ጅብ በጋሪ አሳፍሬ ከሌሞ ሆሳዕና ያደረስኩ ሰው ነኝ። መንገድ ላይ መዝሙር ሁሉ አስጠንቼዋለሁ። ማንም አያምነኝም። አክስቴ ጣቢታ ሐኪም ቤት ይዛኝ የሄደችውም ለዚሁ ነው።

አክስቴ ጎንበስ ብላ እንሰት ስትፍቅ ትውላለች፤ ቀና ብላ ከበሩ እስከ ጓሮ ስትራመድ ግን እግሯ ይደነዝዝና ዝርፍጥ ትላለች። ጎረቤቶቿ "ለመፋቅ ደህና፣ ለመሸከም በሽተኛ!" እያሉ ይጠረጥሯታል። ኤምአርአይ ስትነሳ ወገቧ ላይ የነርቩ መተላለፊያ ጠቦ ተገኘ። አንዱ ሐኪም "ቀደን እናስፋው፣ አጥንቱንም በብሎን እናስረው" አላት። ሌላው፣ ዶክተር ሆሴዕ፣ "ማስፋቱ ብቻ ይበቃ ይሆናል፤ ራጅ ተነስተው ይመለሱ" አላት።

"ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ውሸታምን ደግሞ ውሸታም ነው የሚያውቀው። ሚክያስ፣ ተነስ!" አለችኝ።

ዶክተር ሆሴዕ ዘንድ ገባን። እኔ ዓይን ዓይኑን አያለሁ።

"ብሎኑ አልቆባችሁ ነው?" አለችው አክስቴ።

"ብሎኑማ አለ፣ እናቴ። ያኛው ሐኪም አጥንቱ ተንሸራቶ ይሆናል ብሎ ጠርጥሮ ነው። እኔም ጠርጥሬ ነው ቆመውም ጎንበስ ብለውም ራጅ ያስነሳሁዎት። ይኸው፣ ከቦታው አልተነቃነቀም። ካልተነቃነቀ ብሎን ምን ያደርግልዎታል?"

"ከዚያ እንደ ልጅነቴ እሮጣለሁ?"

"እግርዎ ሳይሻለው አይቀርም። የወገቡ ሕመም ግን ላይለቅዎት ይችላል። ወደፊት አጥንቱ ከተንሸራተተም ብሎኑ ይመጣል።"

ወጣን። "እህሳ?" አለችኝ።

"እውነቱን ነው። እኔ ብሆን 'በሳምንቱ ያን ሁሉ መንገድ ሙዱላ ገበያ ድረስ በእግርሽ ደርሰሽ ትመለሻለሽ' ነበር የምልሽ። ውሸታም 'ላይለቅ ይችላል' አይልም።"

ነጋዴ ቅቤ ውስጥ የደባለቀውን ሙዝ እንደምትፈልግ ሴት አየችኝ። "አንተስ ብትዋሸኝ? ተቀድጄ ሽባ ሆኜ ብቀር?"

"ከዋሸሁ እንሰቱን እኔ እፍቃለሁ።"

በእኛ አገር ወንድ እንሰት ከፋቀ ወሬው እስከ ልጅ ልጁ ይከተለዋል። አክስቴ ትንሽ አሰበችና ተመልሳ ገብታ ፈረመች፤ ያለ ብሎን።

ከቀዶ ጥገናው በሁለተኛው ወር ከቤቷ እስከ ሰፈሩ ገበያ ቀጥ ብላ፣ አንዴም ሳትቀመጥ ሄደች። ወገቧ እንደሆነ ያማታል፣ ሐኪሙ እንዳለው። ስትመለስ የቀርከሃ መፋቂያውን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

"ምነው? ዋሸሁሽ እንዴ?"

"አልዋሸህም። ግን ሐኪሙ ገና ጎንበስ እንዳይሉ ብሎኛል። የተቆረጠው እንሰት ይበስብስ?"

ስፍቅ ሴቶቹ አጥሩ ላይ ተደረደሩ። "ምን አጥፍቶ ነው?" አሏት።

"እውነት ተናግሮ" አለቻቸው።

አንዷም አላመነቻትም።