የፀጉር ቤቱ ዓሦች ሲዛወሩ

የእህቴ ባል ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ከትልቁ መስታወት ትይዩ፣ የባሕር ውሃ የሞላበት የዓሣ ገንዳ አለ። ብርቱካናማ ዓሦች፣ አንድ ቢጫ ዓሣና እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያወጡ፣ ኮራል የሚባሉ ነፍስ ያላቸው የባሕር ፍጥረቶች አሉበት። ደንበኛው ፀጉሩን እየተቆረጠ በመስታወቱ ውስጥ ያያቸዋል። ጋሼ የምለው የእህቴ ባል በመጀመሪያው ወንበር ይሠራል፣ እኔ በሁለተኛው። የምኖረውም እነሱ ቤት ነው።

ነገር የመጣብኝ ገንዳው መታመም ሲጀምር ነው። ጋሼ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት አሸዋው ነጭ ሆኖ ያገኘዋል። ምሳ በልቶ ሲመለስ ግን አሸዋውም ኮራሉም ቡናማ ንፍጥ ለብሶ፣ ንፍጡም አረፋ ቋጥሮ ይጠብቀዋል። የገንዳው መስታወት ላይ ይሄዱ የነበሩት ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች እየተላቀቁ ወደቁ። በምሳ ሰዓት ደግሞ ሱቁ ውስጥ የምቀረው እኔ ብቻ ነኝ።

ፊት ለፊት አልተናገረኝም። አንድ ቀን ፀጉር የማርስበትን ጠርሙስ አንስቶ አሸተተው። ሌላ ቀን እጄን ምን እንደምቀባው ጠየቀኝ። ከዚያ ለምሳ ሲወጣ ጠርሙሶቹን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎባቸው መሄድ ጀመረ።

"ዛሬ በምንድን ነው የምታርሰኝ፣ በምራቅህ?" አለኝ ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣ የታክሲ ሹፌር።

"በውሃ።"

"ከዚያ ገንዳ እንዳይሆን ብቻ። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ። ያንተ ሰውዬ ግን ከቀበረም በኋላ ተመልሶ መቃብሩን የሚያይ ነው።"

ሳቅሁና ውሃውን ከቧንቧ ቀዳሁ።

በዚያው ሰሞን እህቴ ጓዳ ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጋሼህ ዓሦቹን ወደ ቤት ሊያመጣቸው ነው። ጀርባ ባለችው ክፍል አዲስ ገንዳ አስገብቷል። ቁልፉም እሱ ጋ ነው የሚሆነው።"

"ጥሩ ነዋ።"

"ምኑ ነው ጥሩ? ‹እዚህ ንጹሕ ሆነው ከከረሙ፣ ሲያበላሻቸው የነበረው ወንድምሽ ነው፤ ወንበሩንም ቤቱንም ይልቀቅልኝ› ብሏል።"

"እዚህም ከተበላሹስ?"

"ያኔ አንተ አይደለህም።"

"እንዲታመሙ ልጸልይ እንግዲህ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ብቻ እጅህን ሰብስብ።"

እሑድ ሱቁ ዝግ ሆኖ፣ ዝውውሩን እንዲረዳ ጋሼ የጠራው ዓሣ ሻጭ መጣ። እስከ ክርኑ የሚደርስ ጓንት አጥልቆ ገንዳው ላይ አጎነበሰ።

"ይኼን ማንም አልጨመረባችሁም" አለ። "ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ አንዱ ብቻውን በዓይን አይታይም። እኛ ዲኖ እንለዋለን። መብራቱ ሲበራ አሸዋው ላይ ይነጠፋል፤ ሲጠፋ ውሃው ውስጥ ይበተናል። ጠዋት የምታጣው ለዚህ ነው። ውሃውን እያጠራህ እያጠራህ ባዶ አስቀረኸው። በውሃው የነበረው ሌላው ረቂቅ ሕይወት የሚበላው አጥቶ ሲከስም ለዚህ ተመቸው።"

ጋሼ እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ እሱንና እኔን ተራ በተራ አየን።

"ትተዋወቃላችሁ እንዴ?" አለ።

እኔን ባልዲ ብቻ አስያዘኝ። ዓሣ ሻጩ ዓሦቹን በጎድጓዳ ዕቃ እየቀዳ፣ የአየር ፓምፕ የሚንቆረቆርበት ባልዲ ውስጥ አኖራቸው። ኮራሎቹን አንድ በአንድ ከድንጋያቸው በመሮ እያላቀቀ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቦርሾ፣ ከአንዱ ባልዲ ወደ ሌላው እያዛወረ አጠባቸው። በሽታው እንዳይከተል ከአሮጌው ገንዳ ድንጋይም አሸዋም ውሃም አይሄድም አለ።

መጨረሻ ላይ ትልቁ ኮራል ቀረ። ጋሼ ከጣት ካነሰች ቅርንጫፍ ያሳደገው ነው፤ ድንጋዩን ዙሪያውን አቅፎታል። ዓሣ ሻጩ መሮውን ሲያነሳ ጋሼ እጁን ያዘው።

"ይህ ከነድንጋዩ ይሄዳል።"

"ቅርንጫፉን ቆርጠን እንውሰድ፤ መልሶ ያድጋል። ድንጋዩን ተወው።"

"ብተወው ማን ሊወስደው ነው?"

"ማን ይወስደዋል፣ ይጣላል እንጂ።"

"የት? አንተ ሱቅ?"

ዓሣ ሻጩ መሮውን አስቀምጦ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ። እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። "ጋሼ፣ ከሥሩ ቀዳዳው ውስጥ ንፍጡ ይታያል።"

"ከሥሩ ያለውን አንተ በምን አወቅህ?"

ጋሼ መልሴን ሳይጠብቅ ድንጋዩን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ አቅፎት ወጣ።

የጀርባዋ ክፍል ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቆለፈች። ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ አሰረው። አሁን ምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ እኔንም ይዞ ቤት ይመጣል፤ ብቻውን ገብቶ ይቆይና እያፏጨ ይወጣል። "እንደ እንባ ጠርቷል" ይላታል እህቴን፣ እኔን እያየ። ዓሦቹ ስለዳኑ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እሱ ባፏጨ ቁጥር እኔ የማድርበትን አስባለሁ። ከሥራ ስወጣ የሚከራይ ክፍል መጠየቅ፣ የሌሎች ፀጉር ቤቶችን ደጅ መጥናት ያዝሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ምሳ ላይ ፉጨቱ ቀረ። እኔንና እህቴን ጠራን።

የትልቁ ኮራል ድንጋይ ቡናማ ድር ለብሷል። ድሩ ወደ አጠገቡ ኮራሎች ተሻግሯል፤ አረፋውም መጥቷል። ቢጫው ዓሣ ውሃው አፍ ላይ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

"ቁልፉ ከአንገቴ አልወረደም" አለ ጋሼ ቀስ ብሎ። "እሱም ከጠዋት ጀምሮ ከዓይኔ አልራቀም።" ከዚያ ወደ እህቴ ዞረ። "ወንድምሽ አይደለም።"

ለእኔ አልነበረም የነገረው።

"ድንጋዩ ነው፣ ጋሼ" አልሁት። "የጀመረው ከእሱ ነው። ዛሬውኑ ብናወጣው የቀሩት ይተርፋሉ።"

የጋሼ ዓይን ክፍሉን ዞሮ ወደ ጓሮው በሚከፈተው መስኮት ላይ ቆመ። ወጣሁ።

እህቴ ተከትላኝ በረንዳው ላይ ደረሰችብኝ። "ተመስገን፣ ስምህ ጠራ" አለች።

"ነገ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ሥራ እጀምራለሁ፣ እትዬ። ክፍልም አግኝቻለሁ።"

"አሁን? እንዳልሆንክ ካወቀ በኋላ?"

"እኔ እንዳልሆንሁ ነው ያወቀው። ማንም እንዳልሆነ አላወቀም።"

"ታዲያ ማንን ሊጠረጥር ነው፣ እኔን?" ብላ ሳቀች። "ልብሱን ሳጥብ፣ ልጆቹን ሳሳድግ የኖርኩትን?"

ከጀርባዋ ክፍል የመስኮቱ መቀርቀሪያ ሲሞከር ይሰማል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። ቀጥሎ የጋሼ ድምፅ መጣ፤ ቁጣም የለበትም።

"አንቺ፣ ትናንት ልብስ ስታሰጪ የነበረው በዚህ በኩል ነው እንዴ?"