ኖራ የማይዘው ፊት

ጎረቤቴ ወይዘሮ ተናኜ ለግቢዋ ሐውልት ልታሠራ ነው ሲባል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ዘመኑ የንጉሡ ማብቂያ ነው። እዚህ ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በሚመጣው ጎዳና ዳር፣ ግቢ ያለው ሰው ጽጌረዳ ይተክላል፤ ብልህ ከሆነ ደግሞ ጎመን። ሐውልት ለንጉሥና ለመቃብር ነው። እሷ ግን ባሏ በሕይወት ሳለ አንድ ኤምባሲ ግብዣ ወስዷት፣ ሣሩ መሃል የቆመች የድንጋይ ሴት አይታ መጥታለች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።

የነፍስ አባቷ «የተቀረጸ ምስል በግቢሽ?» ብለው ተቆጡ።

«አልሰግድላትም፣ አባ» አለቻቸው። «አበባ መሃል ትቁምልኝ ነው ያልኩት።»

ሠሪው ወልደጻድቅ ይባላል። ሾላ ገበያ አጠገብ ካለው ግቢው ተቀምጦ ከሲሚንቶ የመቃብር መስቀልና በር ላይ የሚቀመጥ አንበሳ ይሠራ ነበር። አንበሶቹ ሁሉ ራሱን ይመስላሉ። ሴት ሠርቶ ስለማያውቅ «የማየው ሰው ካልቆመልኝ ይቺም አንበሳ ትሆንብዎታለች» አላት። የተናኜ አንድያ ልጅ ሣባ እንስራ አዝላ ቆመችለት። ያኔ ተማሪ ናት፤ አንድ ቦታ መርጋት የማታውቅ ልጅ። «ቧንቧ እያለን ምን አስቀዳኝ?» እያለች፣ ሳቋን ልትይዝ ከንፈሯን ወደ አንድ ጎን ጠምዝዛ ቆመች። ወልደጻድቅ ብረት አቁሞ፣ በሽቦ ጠፍሮ፣ ሲሚንቶውን እርጥብ ሳለ በግንበኛ ማንኪያ እየፋቀ ሠራት። ሲጨርስ ሳቄ ቆመ። እንስራው ዱባ ይመስላል እንጂ ልጅቷስ ራሷ ሣባ ናት፤ የከንፈሯ ጥምዝ እንኳ አልቀረም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም የቤት ለቤት አሰሳ። ተናኜ አንድ ቀን የቤቱን ፎቶግራፍ ሁሉ ሰብስባ ጓሮ አቃጠለችው። ሣባ ብቻዋን የተነሣችው ፎቶ አልነበረም፤ በየፎቶው አጠገቧ የቆሙት ጓደኞቿ የሚፈለጉ ልጆች ነበሩ። እንዲህ ያደረገችው እናት እሷ ብቻ አይደለችም፤ በዚያ ሰሞን የሰፈራችን ጓሮ ሁሉ ይጨስ ነበር። ቃጠሎው ግን ልጅቷን አላዳናትም። በሰባ ዓመተ ምሕረት መጥተው ወሰዷት። ተናኜ ስንቅ ይዛ በየእስር ቤቱ በር ተሰለፈች። አንዱ በር ላይ የለችም ሲሏት ሌላ ጋ ትሆናለች እያለች ዞረች፤ በሮቹ ሲያልቁባት ቤቷ ተቀመጠች።

እንግዲህ የሣባ ፊት በዓለም ላይ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጽጌረዳው መሃል፣ ዝናብ ላይ። ክረምት ደግሞ ሲሚንቶ ይበላል። ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ አንገቷ ላይ ስንጥቅ የታየ ቀን ተናኜ ጮኸች፤ እውነቴን ነው፣ ቤት የተቃጠለ መስሎኝ በባዶ እግሬ ነው የሮጥኩት። ወልደጻድቅ ተጠርቶ ስንጥቁን ደፈነ።

«ዋናው ውሃ እንዳይገባባት ነው» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ተናኜ ሐውልቷን ቅቤ ቀባቻት። ለጋ ቅቤ፣ ከሹሩባዋ እስከ ግንባሯ፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ። እኛ ለወጥ እንኳ ቅቤ ባጣንበት ዘመን!

«ዝናብ እንዳይገባባት ነው» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ሐዘን የገባባት ሴት ቅቤ እንደማትቀባ ሁለታችንም እናውቃለን። ልጄ አለች ማለቷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው እየወጣች ትቀባታለች፤ ዝንቡን እሽ ትላለች፣ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ታብሳለች። እኔም ማሾፉን ተውኩት።

በየዓመቱ የአብዮት በዓል ሲቃረብ ቀበሌው ኖራ ያስቀባል። የመንገዱ ጠርዝ፣ የባሕር ዛፉ ግንድ እስከ ወገቡ፣ ድንጋይ የተባለ በሙሉ ነጭ ይሆናል። ቆሞ የዘገየ ሰው ቢገኝ እሱም አይቀርለትም ነበር። ሊቀመንበራችን ጓድ ሽፈራው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነጭ ነገር ግን ይወዱ ነበር። በተናኜ የብረት አጥር ውስጥ የቆመችውን ግራጫ ልጅ አዩና «የውጭ እንግዶች የሚያልፉበት ጎዳና ነው፤ ይቺም ትቀባ» አሉ። ቀቢዎቹ ከእግር እስከ ራሷ ነጭ አደረጓት። ተናኜ ያን ቀን ከቤት አልወጣችም።

የመስከረም ዝናብ ሲጥል ኖራው ከፊቷ ላይ እየተላጠ ወረደ። ቅቤ የጠጣ ሲሚንቶ ኖራ አይዝም። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ጠይም ልጅ ቆማ ቀረች፤ እንዲያውም አማረባት። በዓመቱ ድጋሚ ተቀባች፣ ድጋሚ ተላጠች። ጓድ ሽፈራው ጉዳዩ ስላሳሰባቸው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ እኔንም አባል አደረጉኝ። ተሰብስበን ኖራው ውሃ በዝቶበታል ብለን ወሰንን። የቅቤውን ነገር ከኮሚቴው የማያውቅ አልነበረም፤ አንድም ሰው አልተነፈሰም።

እንዲህ እንዲህ ስንል መንግሥት በዓሉን አስታኮ እስረኞችን በምሕረት የፈታበት ዓመት መጣ። ኖራው ሊቀባ አንድ ቀን ሲቀረው አንድ የከሳ ወጣት በሬን አንኳኳ። ዘርአይ ነኝ፣ የሣባ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነኝ አለኝ። ሳስገባው ዓይኑ በአጥሩ በኩል ሐውልቷ ላይ ቀረ። ከዚያ ተቀምጦ ነገረኝ። አንድ እስር ቤት ነበሩ፤ የሴቶቹ ክፍል ከእነሱ ክፍል ትይዩ ነበር። በተያዙ ሰሞን አንድ ምሽት ስሟን ጠሩ፤ ወጣች። በማግስቱ ነጠላ ጫማዋን ሌላ ልጅ ተጫምታው አየ። በዚያ ምሽት ከተጠሩት የተመለሰ የለም።

«እናቷ በር ድረስ ሄጄ ነበር፣ እትዬ የሺአረግ» አለኝ። «አቃተኝ። መርዶ ደግሞ ለብቻ አይነገርም።»

ልክ ነው፣ አይነገርም። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ አፍ ከፍቶ ነው። ለእነዚያ ልጆች ማልቀስ ግን የተከለከለ ነበር፤ ሰው ሰብስበን ብንገባ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በሽማግሌ ፋንታ ወልደጻድቅን አስጠራሁት። ነገሩን እንደሰማ «ማንኪያና ባልዲዬን ይዤ እመጣለሁ። ጠያቂ ቢኖር ስንጥቅ ልናይ ነው እንላለን» አለ።

ጎህ ሲቀድ ሦስታችን ገባን። ተናኜ ግቢው ውስጥ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሙቅ ውሃ በሳፋ አቅርባ፣ በእንዶድ የሐውልቷን ራስ እያጠበች ነው።

«ይቺን ስንጥቅ…» ብሎ ጀመረ ወልደጻድቅ።

«ተወው፣ ወልደጻድቅ» አለች። እጇን አላቆመችም። «ትናንት በመስኮት አየሁት። ይሄ ልጅ ቤቴ እየመጣ ሲያጠና የኖረ ልጅ ነው፤ ቢከሳ ይጠፋኛል? ከበሬ ደረሰ፣ ቆመ፣ አለፈና አንቺ ቤት ገባ።» ያኔ ወደ እኔ ዞረች። «ደኅና ወሬ የያዘ ሰው የጎረቤት በር ያንኳኳል ወይ፣ የሺ?»

ወጉን እንጠብቃለን ስንል ወጉ ራሱ ቀድሞን አርድቷታል፤ ሌሊቱን ብቻዋን አድራዋለች።

«ማን አጠባት?» አለች ተናኜ። «ማን ገነዛት?»

ዘርአይ ጎንበስ ብሎ ከሳፋው ቀዳና ያፈስስላት ጀመር። እኔ ግንባሯንና አገጯን አሸሁ። ቅቤው እየቀለጠ በእጃችን ላይ ወረደ። የከንፈሯን ጥምዝ ተናኜ ራሷ በጣቷ አጠበችው፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። አራታችንም አለቀስን፣ ድምፅ ግን አላወጣንም፤ መንገዱ ቅርብ ነው።

ረፋዱ ላይ ቀቢዎቹ መጡ። ተናኜ እንደ ወትሮው ቤት አልገባችም። አጠገባቸው ቆማ «ፊቷንም አልብሷት፤ አንገቷ ሥር እንዳይሳሳ» አለቻቸው። ወልደጻድቅ ብሩሹን ከቀቢው ተቀበለና ፊቷን ራሱ ቀባው።

የመስከረም ዝናብ ጣለ፤ ኖራው አልተላጠም። የሰፈሩ ሴቶች በአጥሩ ሲያልፉ አይተው፣ ነጋሪ ሳያስፈልጋቸው ገባቸው። ጽጌረዳ የሚለምኑ መስለው አንድ አንድ እያሉ እየገቡ ከተናኜ ጋር ሐውልቷ እግር ሥር ተቀመጡ። እግዜር ያጥናሽ ያላት የለም፤ ነጠላውን ሳያዘቅዝቅ የገባም የለም።

ከበዓሉ በኋላ ጓድ ሽፈራው በዚያ ሲያልፉ ከአጥሩ ውጭ አገኙኝ። ሐውልቷን ከእግር እስከ ራሷ አይተው ፊታቸው በራ።

«ዘንድሮስ ያዘ!» አሉኝ። «ምን አድርጋችሁ ነው?»

«አጥበናት ነው፣ ጓድ» አልኳቸው።